ከእኔ በፊት የመጣችው

እህቴ ከሞተች በኋላ ፒያሳ ውስጥ ሰው ማስደንገጥ ጀመርኩ።

በዕድሜ እበልጣታለሁ፤ ግን መንታ ናቸው ቢባል የሚጠራጠር አልነበረም። ፊታችን፣ ቁመታችን፣ አረማመዳችን፣ ሌላው ቀርቶ ሳላችን እንኳ አንድ ነበር። እሷ ፒያሳ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ትኬት ትሸጣለች፤ እኔ ከዚያው ከፍ ብሎ ያለ መነጽር ቤት ነኝ። በሕይወት ሳለች ሰዎች ሲሳሳቱብን እንስቅ ነበር። አንዱ ጠዋት እኔን ሰላም ብሎ አልፎ፣ ቁልቁል ወርዶ እሷን በር ላይ ሲያገኛት «አንቺ ደግሞ በየት ሾልከሽ ቀደምሽኝ?» ይላል። ከሞተች በኋላ ያው ስህተት ሌላ ነገር ሆነ። የጭማቂ ቤቱ ሰውዬ ሲያየኝ የያዘው ብርጭቆ ከእጁ አመለጠ። መርዶ ያልደረሰው የታክሲ ረዳት «ምነው ጠፋሽ? ከሀገር ወጣሽ እንዴ?» አለኝ፤ ወራጅ አለ ብዬ ያለቦታዬ ወረድኩ። አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ደግሞ ከሩቅ ስታየኝ አማተበችና መንገድ ተሻገረች። ለቅሶ መጥታ አብራኝ ያለቀሰች ሴት ናት።

ቀስ በቀስ እኔም ከመስታወት መሸሽ ጀመርኩ። መነጽር ቤት ለሚሠራ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው፤ ደንበኛ መነጽር ሲለካ ከትከሻው በላይ የማየው ራሴን ነው። ራሴን አልኩ እንጂ የማየው እሷን ነበር።

ቤት ውስጥም መሸሸጊያ አልነበረኝም። የተወለድንበት የዶሮ ማነቂያ ቤት ከፈረሰ ወዲህ ከእናታችን ጋር አፍንጮ በር ተከራይተን ነው የምንኖረው። እናቴ ምግብ ስታቀርብልኝ፣ ልብስ ሳጥፍ ስታየኝ፣ ድንገት «ትንሿ» ትለኛለች። የእህቴ የቤት ስሟ ነው። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ትይዛለች። እኔም እንዳልሰማሁ እሆናለሁ። እንዲህ እየሆንን ሙት ዓመቷን አወጣን።

ስለ ሕመሟ ትንሽ ልበል። ካንሰር ነበር። ሐኪሞቹ የሚሉትን ብለው ከጨረሱ በኋላ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቀን «ጸበል ልገባ ነው» አለችን። እናቴ ደስ አላት። እኔ አብሬሽ ልሂድ ስላት «ብቻዬን ነው የተሳልኩት» አለችኝ። ስልክ እንደማይያዝ ነገረችንና ትንሽ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ሄደች። ስትመለስ ቆዳዋ ጠቁሮ፣ ከንፈሯ ፀሐይ ልጦት ነበር። ዓይኗ ግን በርቷል። ቁጭ ብላ ሁለት እንጀራ በላች። እናቴ «ጸበሉ ይዟታል» ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አበሰረች። ለገና ግን አልደረሰችም።

ከሙት ዓመቱ በኋላ፣ ጥምቀት ባለፈ ሳምንት፣ የእህቴ አለቃ የነበሩት ሴትዮ አስጠሩኝ። ቢሮው የእሳቸው የራሳቸው ነው፤ ፒያሳ ተወልደው ፒያሳ ያረጁ፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሆነ ሴት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። የእህቴ ወንበር ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። እሳቸው ወደ ውስጥ አስገቡኝና በር ዘጉ።

«ሰው ሰብስበን ዛንዚባር ልንልክ ነው» አሉኝ። «ደን አለ፣ የዱር አራዊት አለ፣ ባሕር አለ። አንድ ቦታ ለአንቺ ይዣለሁ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ዋና አልችልም።»

«ማን ዋኚ አለሽ? ዛፍ እዪ። አንቺ ልጅ፣ መልክሽ እኮ የታጠበ ጨርቅ መስሏል። ሂጂና ተንፍሰሽ ነይ።»

«እሷ ስንቱን ሰው ስትልክ ኖራ፣ አንድ ቀን እንኳ የትም ሳትሄድ ቀረች» አልኳቸው። እንባዬ መጣ።

እትዬ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ማኅተም አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

ደሴቲቱ ላይ ስደርስ ቀድሞ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው። እንደ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። አየሩ የቅርንፉድና የጨው ሽታ አለው። አብረውኝ የመጡት አብዛኞቹ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፤ ፎቶ ይነሣሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ እኔ እንደ ሠርግ ቤት አሮጊት ከዳር ሆኜ አያለሁ። በማግስቱ ጠዋት ከከተማው ወደብ በጀልባ ተሳፍረን ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ወሰዱን። እዚያ ግዙፍ ኤሊዎች የሚኖሩበት ግቢ አለ። ሌሎቹ ልብሳቸውን እየጣሉ ወደ ባሕሩ ሮጡ። እኔ ወደ ኤሊዎቹ ሄድኩ።

እንዲህ ያለ ኤሊ አይቼ አላውቅም። ተቀምጠው ድንጋይ ይመስላሉ፤ ከዚያ ድንጋዩ ዓይኑን ይገልጣል። ከዛፉ ሥር ነጭ ቆብ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ለአንዷ ቅጠል እያጎረሱ ነበር። ኮቴዬን ሰምተው ቀና አሉ።

ፒያሳ ላይ የለመድኩትን ድንጋጤ ጠበቅሁ፤ ለምን እንደጠበቅሁ አላውቅም፤ ልማድ ሆኖብኝ ይሆናል። ሰውዬው ግን አልደነገጡም። ፊታቸው በደስታ ፈካ።

«መጣሽ!» አሉኝ፣ ከቱሪስት ጋር ሲኖሩ በለመዷት እንግሊዝኛ። «መጣሽ! ተሻለሽ! አልሐምዱሊላህ!»

ለሁሉም እንግዳ የሚሉት መሰለኝና ፈገግ አልኩ። እጄን ያዙኝ። የደረቀ፣ ሻካራ፣ የዋህ እጅ ነው። «ነይ፣ ወዳጅሽ እዚህ ናት» ብለው ወደ ግቢው ጥግ መሩኝ። ጀርባዋ በአንድ በኩል የተሰነጠቀ ኤሊ ጥላ ውስጥ ተኝታለች። «አንገቷ ሥር እከኪያት። ታውቅሻለች።»

አጎነበስኩና ነካኋት። ቆዳዋ እንደ አሮጌ ቦርሳ ነው። ትንሽ ቆየችና ቀስ ብላ በአራት እግሯ ተነሣች፤ አንገቷን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ዓይኗን ጨፈነች። አልዋሽም፣ የማላውቃት ፍጡር ያወቀችኝ መሰለኝ።

«አባቴ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተሳስተው ነው» አልኳቸው። «እዚህ ስመጣ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሳቁ። «ያኔ ፀጉር አልነበረሽም። ሻሽ አስረሽ ነበር። ከአዲስ አበባ ነው የመጣሽው፤ ሰው አሳፍራለሁ፣ እኔ ግን ከዚህ በፊት በርሬ አላውቅም ብለሽኝ ነበር።»

የኤሊዋን ጀርባ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ስልኬን አወጣሁና ሻሽ ያሰረችበትን፣ ከመሞቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ያነሳኋትን ፎቶ አሳየኋቸው። ፎቶውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እንደገና ፎቶውን አዩ።

«ይህቺስ ማናት?»

«እህቴ።»

«የት አለች?»

በእኛ ቋንቋ «አረፈች» እንላለን፤ ቃሉ ራሱ ትንሽ ያሳርፋል። በማውቃት እንግሊዝኛ ያገኘሁት ቃል ግን ደረቅ ነበር። እሱኑ አልኩት። ሽማግሌው የያዙትን ቅጠል ጥለው፣ በሃይማኖታቸው ለሞተ ሰው የሚባለውን አሉና ከጎኔ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። ከባሕሩ የሙሽሮቹ ጩኸት ይሰማል። ኤሊዋ አንገቷን እንደዘረጋች ቆማለች።

ከዚያ ነገሩኝ። እህቴ እዚያ መጥታለች። ጸበል ገባሁ ባለችን ጊዜ። ሌሎቹ ሲዋኙ እሷ ቀኑን ሙሉ እዚያች ኤሊ ዘንድ ተቀምጣ ዋለች፤ በማግስቱም ተመልሳ መጣች። «ዕድሜዋ ስንት ነው?» ብላ ስትጠይቃቸው «ከአያቴ ትበልጣለች» አሏት።

«ታዲያ አይሰለቻትም?» አለች አሉ እህቴ።

«ሲሰለቻት አንገቷን ታስገባለች» አሏት ሽማግሌው፤ «ከዚያ እንደገና ታወጣለች።»

ጥያቄው የእህቴ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። «አይሰለቻትም?» ልጅ ሆነን ስድስት ኪሎ የታሰሩትን አንበሶች ልናይ ስንሄድ አባታችንን የጠየቀችው ይሄንኑ ነበር። ከዚያ በላይ ማስረጃ አልፈለግሁም።

ሽማግሌው ዓርብ ከጸሎት በኋላ ዕረፍት ናቸው። «እህትሽን የወሰድናት ቦታ ሁሉ እንወስድሻለን» አሉኝ። በቀጠሯችን ከባለቤታቸው ጋር በመኪና መጡ። ባለቤታቸው ቀይ ሽርጥ የለበሱ፣ ወፍራም፣ ደርባባ ሴት ናቸው። መኪናው አጠገብ ስቆም አዩኝና ወደ ኋላ አፈገፈጉ። በስዋሂሊ ለባላቸው አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሽማግሌው አፈሩ። «ሞታለች ብያት ነበር። ታዲያ ይህቺ ማናት ነው የምትለኝ።»

ሴትዮዋ እስከ ደኑ ድረስ አላናገሩኝም። ከፊት ወንበር ሆነው በመኪናው ትንሽ መስታወት ያዩኛል፤ ዓይናችን ሲገጣጠም ይሸሻሉ። እኔም አልፈረድኩባቸውም። እኔስ ራሴን እሸሽ አይደል?

ደኑ ውስጥ ብርሃኑ አረንጓዴ ነው። የዛፎቹ ቅጠል ውሃ ያንጠባጥባል፤ ዝናብ ግን የለም። ድንገት ከላያችን ቅርንጫፎቹ ተናወጡና ጉሬዛዎች መጡ። እኛ ሀገር እንዳለው ጥቁርና ነጭ አይደሉም፤ ጀርባቸው ቀይ ነው፤ ፊታቸውን የከበበው ነጭ ጠጉር የተጨነቀ ሽማግሌ ያስመስላቸዋል። እናቴ ጉሬዛን መናኝ ነው፣ ከዛፍ ወርዶ ከሰው አይቀላቀልም ትል ነበር። እነዚህ ግን ወርደው በእግራችን መሀል አለፉ። አንዷ በእጇ የሆነ ጥቁር ነገር ይዛ ትቆረጥማለች። ጠጋ ብዬ ሳይ ከሰል ነው።

«ከመንደር ሰርቀው ነው» አሉ ሽማግሌው። «የሚበሉት ቅጠል መርዝ አለው። ከሰሉ ሆዳቸውን ያስታግሳል።»

«እህቴ ይሄን አይታለች?»

ለባለቤታቸው ተረጎሙላቸው። ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። እጃቸውን እያወዛወዙ ያወሩ ጀመር፤ ሽማግሌው እየተከተሉ ይተረጉማሉ። እህቴ ከሰል የምትበላዋን ጉሬዛ ስታይ ሳቋ መጣ፤ ሳቀች፤ መቆም አቅቷት መሬት ላይ ተቀመጠች። «እኔንም እንዲህ አድርገውኛል እኮ!» አለቻቸው። «በመርዝ ላይ ሌላ መርዝ ነው የሚያጠጡኝ። ከሰል ይሻለኝ ነበር!» ሴትዮዋ ይሄን ሲናገሩ ራሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና አለቀሱ። መጥተው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን በጣቶቻቸው ዳሰሱ። ምን እንደሚፈልጉ ገባኝ። የሕያው ሰው ሙቀት ነው የሚፈልጉት።

ከደኑ ወጣ ብሎ ዛፎቹ ባሕር ውስጥ የቆሙበት ቦታ አለ፤ ማንግሮቭ ይሉታል። ሥሮቻቸው ከውሃው ወጥተው እንደ ሸረሪት እግር ተንፈራጥጠዋል። በመካከላቸው የሳንቃ መንገድ ተሠርቷል። ባልና ሚስቱ ደክሟቸው መግቢያው ላይ ቀሩ፤ እኔ ብቻዬን ገባሁ። ባሕሩ በመሙላት ላይ ነበር። ጭቃው ላይ የነበሩት ሸርጣኖች አንድ በአንድ ጉድጓዳቸው ይገባሉ። መሀል ስደርስ ሳንቃው ከኋላዬ መወዛወዙ ተሰማኝ፤ ሰው ሲረግጠው እንደሚወዛወዘው ነው። ሽማግሌው ተከተሉኝ ብዬ ቆምኩ። መወዛወዙም ቆመ። ዞር ስል ማንም የለም። ባልና ሚስቱ ከሩቅ፣ መግቢያው ላይ ተቀምጠው ኮኮናት ይጠጣሉ።

ውሃው ነው፤ ሲሞላ ምሰሶዎቹን ይገፋል። ይሄን ዛሬ እላለሁ። ያኔ ግን በአማርኛ «ቅደሚ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጠርዙን ይዤ መንገድ ለቀቅኩላት። ነፋስ አለፈ። ከዚያ በኋላ ሳንቃው ጸጥ አለ።

በመጨረሻ የወሰዱኝ ዋሻ ነው። ከላይ ሲታይ ቁጥቋጦ ነው እንጂ ዋሻ አይመስልም። በድንጋይ ደረጃ ወደ ታች ይወረዳል፤ ከታች ሰማያዊ ውሃ አለ፤ በጣም ከመጥራቱ የተነሣ ጥልቀቱ አይታወቅም። ግድግዳው ላይ የዛፍ ሥር ተንዠርግጓል። ድንጋዩ ሥር ሰዎች ያስቀመጡት ትንንሽ ሳህን፣ የታሰረ ጨርቅ፣ የሽቶ ጠርሙስ አለ። የድሮ ሰዎች እዚህ ይሳሉ ነበር አሉኝ፤ አሁንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚመጡ አሉ።

እህቴ እዚህ ስትደርስ ነጠላዋን ለብሳ ውሃው ውስጥ ገብታለች። ሴትዮዋ እጇን ይዘዋት ነበር። አማትባ ራሷን ነከረች፤ ወጣች፤ እንደገና ነከረች። ሴትዮዋ ደግሞ በራሳቸው ጸሎት ጸለዩላት። ስትወጣ ፊቷን አይተው «ታለቅሻለሽ እንዴ?» ቢሏት፣ «ውሃ ነው» አለች።

«ሌላስ ምን አለች?» አልኩ።

ሽማግሌው የድንጋዩ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። «እናቴን ጸበል እሄዳለሁ ብያት ነው የወጣሁት አለችን። ጸበል ምን እንደሆነ ጠየቅናት፤ ነገረችን። ከዚያ፣ አሁን አልዋሸኋትም አለች።»

ውሃው ዳር ተንበረከክኩ። ፊቷ ከታች አየኝ። ያን ያህል ጊዜ ስሸሸው የኖርኩት ፊት ነው፤ ግን እዚያ ውስጥ አልሸሸሁትም፤ እሷም አልሸሸችኝም። እስክንጠግብ ተያየን። ሴትዮዋ ግቢ ብለው በእጃቸው አሳዩኝ። አልገባሁም። ቦታው የሷ ነው። እጄን ነክሬ ፊቴን ብቻ ታጠብኩና ወጣሁ።

ፒያሳ እንደተመለስኩ በቀጥታ እትዬ ቢሮ ገባሁ። ሻንጣዬን እንኳ አላስቀመጥኩም።

«ያውቁ ነበር» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ትኬቷን ማን ቆረጠላት መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አስምላኛለች። በልጆቼ ነው ያስማለችኝ።» ዓይናቸውን ጠረጉ። «ግን እንዳልናገር ነው ያስማለችኝ። እንዳልልክሽ አላስማለችኝም።»

ለእናቴ መንገሩ ነበር የከበደኝ። ቤት ገብቼ ብዙ ዞርኩ፤ በኋላ ከጎኗ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ኤሊዋን፣ ጉሬዛውን፣ ዋሻውን። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ ተነሣችና መኝታ ክፍሏ ገብታ ዘጋች። ለቀናት ተቆጣች። እቃ እያንጓጓች፣ ከራሷ ጋር ታወራለች። «እኔ እዚህ ስሰግድ እሷ ከጦጣ ጋር!» ስትል ሰማኋት። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ማን ያውቃታል እዚያ? ብትወድቅስ? ማን ሊያነሣት?» ትላለች። ቁጣው ውስጥ ያለው ፍርሃት ነው። እህቴ አፈር ለብሳለች፤ እናቴ ግን እዚያ ደሴት ላይ እንዳትወድቅባት ትሰጋለች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጫማዋን እያወለቀች፣ «እጇን ይዛት ነበር አልሽ? ውሃው ውስጥ?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ። ሴትዮዋ ይዘዋት ነበር።»

«ሳቀች ደግሞ።»

«መሬት ላይ እስክትቀመጥ።»

በሳምንቱ ሽሮ ሜዳ ውሰጂኝ አለችኝ። ጨርቅ ቤቱን ሁሉ አዳርሳ፣ በጣቷ እያሸች፣ አንድ ወፍራም ጋቢ መረጠች። ለራሷ መስሎኝ ነበር። «ለሽማግሌውና ለሚስቱ» አለች።

«እማዬ፣ እዚያ እኮ ሙቀቱ አያስቆምም። ጋቢ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ያረጀ ሰው ይበርደዋል» አለች። «የትም ሀገር ቢሆን።»

እትዬ የሚቀጥለውን ጉዞ ሲያሰናዱ ጋቢውን አስይዘው ላኩልን። ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ጋቢውን ያደረሰው ሰው የላከው ፎቶ ደረሰኝ። ሽማግሌው በዚያ ሙቀት ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ኤሊዎቹ ግቢ ውስጥ ቆመው ይስቃሉ። ማታ ቤት ስገባ ለእናቴ ሰጠኋት። ስልኩን ራቅ አድርጋ ያዘችው፤ ከዚያ አቀረበችው።

«ሲያምርበት!» አለች። «ከኋላው የቆመችው ማናት?»

አየሁ። ከሽማግሌው በስተጀርባ፣ ዛፉ ሥር፣ ጀርባዋን የሰጠች ሴት አለች። ሻሽ አስራለች። ምስሏ ደብዘዝ ብሏል፤ ወደ አንድ ኤሊ አጎንብሳለች።

«ቱሪስት ትሆናለች» አልኩ።

«ትሆናለች» አለች እናቴ። ስልኩን ግን አልመለሰችልኝም። በአውራ ጣቷ የመስታወቱን አቧራ ጠረገችና «እግሯ ጠንክሯል» አለች፤ «አየሽ፣ ሳትደገፍ ነው የቆመችው።»